የጠፉት ሳይቈጠሩ የተሰጠ ፍርድ፦ ስለ ሁለት የሪህ መድኃኒት ጥናቶች የቀረበ ሂስ

በአገራችን ሪህ የሚለው ስም ለብዙ ዐይነት የመገጣጠሚያ ሕመም ይሰጣል። እኛ ግን እዚህ የምንናገረው በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ከልኩ አልፎ፥ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ ቀጥኖ ሲጠጥር ስለሚያመጣው ሪህ ብቻ ነው። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ የእግርን አውራ ጣት በሌሊት በድንገት ይዞ የሚያሠቃይ ደዌ ነው።

ይህን አሲድ ለመቀነስ ሐኪሞች ከሚያዟቸው መድኃኒቶች ሁለቱ የታወቁ ናቸው። አንደኛው አሎፑሪኖል ነው፤ ጆርጅ ሂቺንግስና ጌርትሩድ ኤሊዮን ከባልደረቦቻቸው ጋራ ደክመውበት በአሜሪካ በ1966 ተፈቀደ (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ሁለተኛው ፌቡክሶስታት ሲሆን፥ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2009 ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ዩሪክ አሲድ እንዲፈጠር የሚያደርገውን ኢንዛይም በማገድ ነው። ነገር ግን አዲሱ መድኃኒት ልብን ይጎዳ ይሆናል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ፥ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት አምራቹ ይህን በጥናት እንዲያስረዳ አዘዘ።

ኬርስ የተባለው የዚሁ ጥናት ውጤት በ2018 ታተመ። ሪህም የልብና የደም ሥር በሽታም ያለባቸው 6,190 የሰሜን አሜሪካ በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ ፌቡክሶስታት፥ እኩሌቶቹ አሎፑሪኖል እንዲወስዱ ተደረገ። አስቀድሞ በተወሰነው በዋናው ጥያቄ፥ ይኸውም በልብና በደም ሥር ላይ የደረሱት ከባድ አደጋዎች በአንድነት ሲደመሩ፥ ልዩነቱ ከቍጥር የሚገባ አልነበረም፤ 10.8 ከመቶ በ10.4 ከመቶ ላይ ነው። በልብና በደም ሥር በሽታ የሞቱት ለብቻ ሲታዩ ግን፥ በፌቡክሶስታት በኩል 134፥ በአሎፑሪኖል በኩል 100 ሆነው ተገኙ። ስለዚህ በ2019 መሥሪያ ቤቱ በመድኃኒቱ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አደረገ፤ አሎፑሪኖል ላልረዳቸው ወይም ላልተስማማቸው ብቻ እንዲሰጥም ወሰነ።

እንግዲህ ሂሳችን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የሞት ልዩነት 34 ሰው ነው። ክትትሉን እስከ መጨረሻው ያልፈጸሙት በሽተኞች ግን ከመቶ 45 ናቸው፤ ይህም ከ2,700 ሰው በላይ ማለት ነው። የታዘዘላቸውን መድኃኒት ያቋረጡትም ከመቶ 56.6 ደርሰዋል። ከመንጋው እኩሌታ ያህሉን ሳያገኝ ጅብ የበላው ይህን ያህል ብቻ ነው የሚል እረኛን ማን ያምነዋል?

ለጥናቱ የሚከራከሩ ሰዎች፥ የቀሩት በሽተኞች ቍጥር በሁለቱም ወገን የተቀራረበ ስለ ሆነ ሚዛኑ አልተዛባም ይሉ ይሆናል። ይህ መልስ አይበቃንም። የቍጥር መተካከል የሰዎቹን ሁኔታ መተካከል አያሳይም፤ ከአንዱ ወገን የቀሩት የደከሙት፥ ከሌላው ወገን የቀሩት ደኅና የሆኑት ቢሆኑስ?

ሌላ መንገድ እንደ ነበረ የሚያሳየን በ2020 የታተመው ፋስት የተባለው ጥናት ነው። በብሪታንያ፥ በዴንማርክና በስዊድን 6,128 በሽተኞች በዚሁ ዐይነት ለሁለት ተከፍለው ለ4 ዓመት ያህል ተጠበቁ። አጥኚዎቹም በሽተኛው እስኪመጣላቸው ከመጠበቅ ይልቅ፥ ወደ ሆስፒታልና ወደ ሞት መዝገብ ሄደው ፈለጉት። ስለዚህ ከክትትሉ ሁሉ የወጡት ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ሆኑ። በማናቸውም ምክንያት የሞቱት በፌቡክሶስታት በኩል 222፥ በአሎፑሪኖል በኩል 263 ነበሩ፤ አስፈሪ የተባለው የሞት ብልጫ በዚህ አልታየም።

ሆኖም ፋስትንም ያለ ሂስ ማለፍ አይገባንም። በኬርስ ሁሉም የልብና የደም ሥር ሕመምተኞች ሲሆኑ፥ በፋስት ግን እንዲህ ያሉት ሲሶ ያህል ብቻ ናቸው። ፌቡክሶስታትን ያቋረጡትም ከመቶ 32 ሲሆኑ፥ አሎፑሪኖልን ያቋረጡት ከመቶ 16.5 ናቸው። ስለዚህ ፋስት ልቡ ክፉኛ ለታመመ ሰው ሙሉ ዋስትና አይሰጥም።

ደግሞም በሁለቱም ጥናቶች መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ኪኒን የወሰደ ወገን አልነበረም። በኬርስ የታየው ልዩነት እውነት ቢሆን እንኳ፥ ፌቡክሶስታት ጎድቶ ነው ወይስ አሎፑሪኖል ጠብቆ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። በ2022 በብሪታንያ የታተመው ኦል ሃርት የተባለ ጥናት፥ ሪህ በሌለባቸው 5,721 የልብ ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ አሎፑሪኖል ልብን እንዳልጠበቀ አሳይቷል፤ ነገር ግን ሪህ ስለሌለባቸው ሰዎች የተገኘውን መልስ ለሪህ በሽተኞች እንዳለ ማዋል አይቻልም።

ይህ ሁሉ የቍጥር ክርክር ብቻ አይደለም። አሎፑሪኖል አንዳንዱን ሰው ቆዳውን አቃጥሎና ኩላሊቱን ጎድቶ እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል፤ እንዲህ ላለው በሽተኛ ፌቡክሶስታት የቀረለት መንገድ ሊሆን ይችላል። ያለ በቂ ማስረጃ ብናስፈራራው በሥቃዩ እንተወዋለን፤ ያለ በቂ ማስረጃ ብናጽናናውም ሕይወቱን ለአደጋ እናጋልጣለን።

በእኛ አስተያየት፥ ሞትን ለመቍጠር የተነሣ ጥናት ሁሉ ገና ሲታቀድ የጠፋውን በሽተኛ በምን ዘዴ እንደሚፈልገው ማስታወቅ አለበት፤ ተቈጣጣሪውም መሥሪያ ቤት ይህን ሳያይ ዕቅዱን መቀበል የለበትም። አንባቢም የመድኃኒት ጥናት በሚያነብበት ጊዜ ስንት ሰው ዳነ፥ ስንት ሰው ሞተ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ ስንቱ እስከ መጨረሻው ተገኘ ብሎ ይጠይቅ።