ስፌቱ የሚጠብቅበት ቦታ

መርካቶ ሸራ ተራ ድንኳን ከሚሰፋ ሰው አጠገብ ትንሽ ለቆመ፣ መጀመሪያ የሚያስገርመው ስፌቱ እኩል አለመሆኑ ነው። ጣሪያው መሀል ላይ መርፌው ረጅም ረጅም ይራመዳል፤ ወደ ማዕዘኑ፣ ገመድ ወደሚታሰርበት የብረት ቀለበት ሲጠጋ ግን እርምጃው ያጥራል፣ ክሩም ይደረባል። "ጋሼ፣ እዚህ ላይ ለምን ያጠጋጉታል?" ብዬ ጠየቅሁ። አዛውንቱ ሰፊ፣ እግራቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሡ፣ "ነፋስ የሚጎትተው እዚህ ነዋ" አሉኝ።

የሚሰፉት የእድር ድንኳን ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሁለቱ ሸራዎች እንዲሁ አልተነባበሩም፤ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ውስጥ ታጥፎ ተቆላልፏል፣ በላዩም ሁለት መስመር ስፌት ወርዶበታል። ዝናብ መግቢያ አያገኝም። ማዕዘኑ ላይ ሌላ ቁራጭ ሸራ ተደርቦበታል። በጠርዙ እጥፋት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተቀብሯል፤ ድንኳኑ ሲወጠር ጭነቱን የሚችለው ገመዱ እንጂ ጨርቁ አይደለም። "የሠርግ ድንኳን ለዓይን ነው፤ ይኼኛው ለዝናብ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሠርግ ቀን ተቆርጦለት፣ ወር ተመርጦለት ይመጣል። ሞት ሐምሌም ይመጣል።

ይህን ድንኳን የሚያሰፋው እድር ራሱ በጥንቃቄ የተሰፋ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ሥር የሰደደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ "ማን ይቀብረኛል?" ብሎ ሲጨነቅ ነው። ብዙ አጥኚዎች በጅማሬው የጉራጌ ተወላጆችን ድርሻ ያነሣሉ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ በየሰፈሩ ተስፋፋ። መርካቶም በዚያው በወረራው ዘመን፣ ገበያው ከጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የተቆረቆረች ናት። የራጉኤል ደወልና የአንዋር አዛን አብረው በሚሰሙበት በዚህ ሰፈር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ ሰፍሮ ወርኃዊ መዋጮውን የሚከፍልባቸው እድሮች አሉ።

የእድር የእጅ ሥራ የሚታየው ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ ነው። ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ጎላው ይጣዳል፤ የቀረ ይቀጣል። ሐዘንተኛውን "ምን እንርዳህ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያዘነ ሰው ማዘዝ አይችልም፤ እድርም ትእዛዝ አይጠብቅም። የመርዶ አነጋገሩ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው፦ ዘመድ ቀድሞ ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል፣ ልቡን የሚያመው ካለ መድኃኒቱን መውሰዱ ይጣራል፣ ጠንከር ያለ ሰው ከጎኑ ይቀመጣል።

ከዚያ በኋላ ያለውን የቀን አቆጣጠርም ተመልከቱት። በክርስቲያኑ ወግ ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት ነው። መጀመሪያ ይጠጋጋል፣ ቀስ በቀስ ይራራቃል። የሸራ ተራው ሰፊ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ የተሰፋው ግን ለአዋቂ ልክ ነው። ድንኳኑ ሲተከል መጀመሪያ የሚሰማው "ልጆቹን ጎረቤት ውሰዷቸው" የሚለው ነው። የአምስት ዓመቷ ልጅ "አባባ ውጭ አገር ሄዷል" ትባላለች፤ ከዚያ ስንት ወር ስልክ ትጠብቃለች። የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ትከሻው መታ መታ ይደረግና "አይዞህ፣ ከእንግዲህ አባወራው አንተ ነህ" ይባላል። አንዷ መርዶ ተነፈገች፤ ሌላው የአባቱን ዕዳ ከነሐዘኑ ተረከበ። ስፌቱ የዘለለው እዚህ ላይ ነው፤ ነፋስ አብዝቶ በሚጎትተው ቦታ።

ሳይዘልል የተሰፋበትን አንድ ቀን ግን አይቻለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ እናቱ ሞታለች። መርዶውን እንዲነግሩት የተላኩት የሰፈራችን አንዲት እናት ወንበር ላይ አልተቀመጡም፤ ዱካ ስበው ዓይናቸውን ከዓይኑ ትክክል አደረጉ፣ እጁን ያዙ። "እማዬ ታማ እንደነበር ታውቃለህ። ሐኪሞቹ ብዙ ለፉ። ዛሬ ሌሊት ሞተች" አሉት። ከዚያ ዝም አሉ። አንቀላፋች፣ ሄደች፣ እግዜር ወሰዳት አላሉም።

ልጁ አላለቀሰም። "ነገ ትምህርት ቤት ማነው የሚያደርሰኝ?" አለ። አንዲት ሴት ከኋላ ከንፈሯን መጠጠች። እሳቸው ግን ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር ተቀበሉት፦ "ጠዋት አክስትህ ታደርስሃለች፤ ማታ እኔ እቀበልሃለሁ።" ጥቂት ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ስለረበሽኳት ነው?" ሲል "አይደለም የኔ ልጅ። ልጅ ስለረበሸ እናት አትሞትም። በሽታ ነው የገደላት" አሉት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውጭ ኳስ ይጫወት ነበር። "ምስኪን፣ አልገባውም" ተባለ። "ገብቶታል" አሉ፤ "ሲከብደው ይጫወታል፤ ተመልሶ ይመጣል።" ተመልሶ ሲመጣ የንፍሮውን ሰሐን አስያዙትና ከአክስቱ ልጅ ጋር በድንኳኑ እየዞረ አደለ። ስንዴና ሽምብራ የያዘ ሰሐን በሁለት እጁ፣ እንዳይደፋ እየተጠነቀቀ። የእናቱ ለቅሶ የእሱም ሆነ።

በሙያው የተማሩት የሚሉትም ከዚህ አይርቅም። ትንሽ ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው ገና አያውቅም፤ ስለዚህ ቃሉ ግልጽ መሆን አለበት። "ተኛች" የተባለ ልጅ መተኛት ይፈራል። ብዙዎቹ በእነሱ ጥፋት የሆነ ይመስላቸዋል፤ ሐዘናቸውም ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ እንደ አዋቂ ቀኑን ሙሉ አይቆይም። አሜሪካ ውስጥ በፖርትላንድ ከተማ በ1982 እ.ኤ.አ. ቤቨርሊ ቻፔል ያቋቋመችው፣ በአንጎል ዕጢ በሞተ የ13 ዓመት ልጅ ስም የተሰየመው ዱጊ ማዕከል የሚሠራው በዚሁ ዕውቀት ነው። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የሞተባቸው ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ስሙንና ማን እንደሞተበት ይናገራል፣ መናገር ያልፈለገ ያልፋል፣ ከዚያ ይጫወታሉ። አሳዳጊዎቻቸው በዚያው ሰዓት በሌላ ክፍል ይገናኛሉ። ያዘነ ካዘነ ጋር ይቀመጥ ማለት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እነሱ የጨመሩት የልጆቹን አግዳሚ ነው።

እድር አይለወጥም የሚል ካለ፣ የኤችአይቪን ክፉ ዘመን ያስታውስ። ቀብር በቀብር ላይ ሲደራረብ አንዳንድ እድሮች "ከሞተ በኋላ ብቻ" የሚለውን ደንባቸውን አሻሽለው የታመመውን መርዳት፣ ወላጅ አልባውን መደገፍ ጀመሩ። አሁን የጎደለው ከዚያ ያነሰ ነው። መዝገቡ ላይ ከሟች ስም አጠገብ የልጆቹ ስምና ዕድሜ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ልጅ እስከ ሙት ዓመቱ የሚያየው አንድ አዋቂ ይመደብለት፤ መምህሩም ይነገረው። በሰማንያውና በመንፈቁ የሚጠየቀው ቤቱ ብቻ ሳይሆን ልጁም ይሁን። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍና ምግብ እንቢ ያለ፣ ወይም "እሷ ጋ ልሂድ" የሚል ልጅ ካለ ደግሞ ከእድር በላይ የሆነ ሙያ ይፈልጋል፤ አማኑኤል ሆስፒታል ከመርካቶ ሩቅ አይደለም።

በሚቀጥለው ወር የእድር ስብሰባ፣ መዋጮዎን ከፍለው ሲጨርሱ እጅዎን ያውጡና አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ባለፈው ድንኳን በተከልንበት ቤት ያሉትን ልጆች አሁን የሚያያቸው ማነው?