ከመንካት በፊት መለካት

ላፕቶፕ አልነሣ ሲል ካቻቪቴና ካውያ ለማንሣት የማይቸኩል ጠጋኝ ሙያውን ያወቀ ሰው ነው። አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ባሉ ጠባብ የጥገና ሱቆች እንዲህ ያሉ እጆች ሲሠሩ ቆሞ ማየት ደስ ያሰኛል። ሥራቸውን የሚያስውበው ቅደም ተከተሉ ነው።

መጀመሪያ የሚሞከረው ምንም የማይጎዳው ነው። ቻርጀር ይነቀላል፣ ባትሪ ይወጣል፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያው 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይቆያል። ራሙም ወጥቶ፣ ጠርዙ ተጠርጎ ይመለሳል። ብዙ ላፕቶፕ እዚሁ ላይ ይነሣል። ካልተነሣ ጠጋኙ ዓይኑን ቻርጀሩ መብራት ላይ ያደርጋል። ደህና ሲበራ የነበረው መብራት ቻርጀሩ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ከጠፋ፣ ቻርጀሩ ራሱን ለመጠበቅ ኃይል አቋርጧል፤ ሾርት አለ ማለት ነው።

ዋናው ጥበብ ከዚህ ይጀምራል። ከቻርጀሩ የሚመጣው 19 ቮልት በሚያልፍበት የማዘርቦርዱ መስመር ላይ በርካታ ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ተያይዘዋል። አንዷ ሾርት ስታደርግ መልቲሜትሩ ሁሉም ላይ ይጮኻል፤ ጥፋተኛዋ ከደህኖቹ አትለይም። ጠጋኙ ታዲያ መስመሩ ላይ ከፓወር ሰፕላይ 1 ቮልት ብቻ ይለቃል። ፕሮሰሰሩ የሚሠራው 1 ቮልት ገደማ ላይ በመሆኑ፣ ሾርቱ ወደ እሱ የሚያደርስ ቢሆን እንኳ አይቃጠልም። ከዚያ ቦርዱን አልኮል ይቀባል። ኤሌክትሪኩ በጥፋተኛዋ በኩል ሲያልፍ እሷ ትግላለች፤ አልኮሉም ቀድሞ የሚደርቀው እሷ ላይ ነው። ሸማኔ ከብዙ ድር መካከል የተበጠሰውን እንደሚለይ፣ 2 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ካፓሲተር ከመሰሎቿ መሐል ተለይታ ትወጣለች።

ካፓሲተሯን ማንሣቱም እጅ ይፈልጋል። የፋብሪካው እርሳስ አልባ ስታኞ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ጎበዙ 183 ላይ የሚቀልጠውን፣ እርሳስ ያለበትን ስታኞ በካውያ ደባልቆ ያለሰልሰዋል። ቦርዱ ውስጥ ያለው ሰፊ መዳብ ሙቀት ስለሚስብ ቀስ እያለ ያሞቀዋል። ካፓሲተሯን አይጎትታትም፤ ከጎተታት ከሥሯ ያለው መዳብ አብሮ ይነሣል። ስታኞው ሲፈስ በራሷ ትላቀቃለች። አዲሷን ከማስቀመጡ በፊት ሾርቱ መጥፋቱን ደግሞ ይለካል። ተተኪዋም 19 ቮልቱን ያለ ጭንቀት እንድትሸከም ለ25 ቮልት የተሠራች ትሆናለች። በመጨረሻ ስታኞው በደንብ እንዲፈስ የቀባውን ፍላክስ ይጠርጋል፤ የነካው ቦታ ካልነካው አይለይም።

ሙሉ ማዘርቦርድ መለወጥ ለማንም ይቀላል። ከመቶዎች መካከል የሞተችውን አንዷን አግኝቶ ሌላውን ሁሉ ማዳን ግን ታላቅ ሙያ ነው። ላፕቶፕዎ አልነሣ ቢል፣ «ቦርዱ ሞቷል» የሚልዎትን ሰው ምን ለክቶ እንዳወቀ ይጠይቁት። ለክቶ የሚያሳይዎት ጠጋኝ ካገኙ ደግሞ የእጁን ዋጋ ሳይከራከሩ ይክፈሉት።