ምርመራና ቀጠሮ
ኢቫን ኢሊችን በሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ

የሊዮ ቶልስቶይን «የኢቫን ኢሊች ሞት» መጀመሪያ ያነበብሁት በተማሪነቴ ዘመን ነው። ያኔ ስለ ሞት የተጻፈ መጽሐፍ መስሎኝ ነበር። በቅርቡ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን እንደገና ያነበብሁት ግን በሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የሲቲ ስካን ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። አሁን ብጠየቅ፣ የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል ሞቱ ሳይሆን መልስ መጠበቁ ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመው ይህ አጭር ልቦለድ ስለ አንድ የ45 ዓመት ዳኛ ይተርካል። ኢቫን ኢሊች አዲሱን ቤቱን ሲያሰናዳ፣ መጋረጃው እንዴት እንደሚሰቀል ለሠራተኛው ለማሳየት መሰላል ላይ ወጥቶ ያዳልጠዋል፤ ጎኑም ይመታል። ውሎ አድሮ ጎኑን ያመው፣ አፉንም መጥፎ መጥፎ ይለው ጀመር። ስመ ጥር ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም? ለሐኪሙ ግን ይህ ከቁም ነገር የሚገባ ጥያቄ አይደለም። የእሱ ጭንቀት ሕመሙ ከቦታው የተንሸራተተ ኩላሊት ነው ወይስ ትርፍ አንጀት የሚለው ነው። በሽተኛው ደፍሮ ሲጠይቅ፣ ሐኪሙ ከመነጽሩ በላይ የሚያየው ከሥነ ሥርዓት የወጣን ተከሳሽ በሚያይ ዳኛ ዓይን ነው።

የቶልስቶይ ብልኅነት እዚህ ላይ ነው። ኢቫን ኢሊች በወጣትነቱ መርማሪ ዳኛ ነበር። ተከሳሾችን በዚያው ቀዝቃዛ ጨዋነት ሲያስተናግድ ኖሮ አሁን ተራው ደረሰ። ደራሲው ይህን እንድናይ ሐኪም ቤቱን ከችሎት ጋር ማነጻጸር አስፈልጎታል። አማርኛችን ግን ነገሩን ቀድሞ ቋጥሮታል። ፖሊስም ሐኪምም የሚያካሂዱት «ምርመራ» ነው። ፍርድ ቤትም ሐኪም ቤትም የሚሰጡን «ቀጠሮ» ነው። እኔም በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ስፔሻሊስቶች ዘንድ «ቀርቤያለሁ»።

ኢቫን ኢሊች ወደ ቤቱ ሲመለስ የሐኪሙን ቃላት አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ተራ ሰው ቋንቋ ለመመለስ ይታገላል። ይህን አንቀጽ ሳነብ ደነገጥሁ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበርና። ሲቲ ስካኑን የምታነሣዋ ባለሙያ ከመስታወቱ ማዶ «ትንፋሽ ይያዙ» ስትለኝ፣ ድምፅዋ ውስጥ ሐዘኔታ እንዳለ ለማወቅ ጆሮዬን አሹዬ ነበር።

ኤክስሬይ የተገኘው መጽሐፉ ከታተመ ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1895 ነው። ሲቲ ስካን ሰውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው በ1971 ነው። የኢቫን ኢሊች ሐኪሞች ውስጡን የሚያዩበት መሣሪያ አልነበራቸውም። የእኔን ጉበት ግን ሳይከፍቱት ቁራጭ በቁራጭ አዩት። ውጤቱ ምን አለ? 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነገር ታይቷል፤ ምንነቱ በዚህ ብቻ አይለይም፤ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ጥያቄው ባለበት ቆሟል።

ከቶልስቶይ ጋር የምለያየውም እዚሁ ላይ ነው። በእሱ ዘንድ የሐኪም አለማወቅ ሁልጊዜ በማስመሰል የተሸፈነ ነው። ሐቀኛ አለማወቅም እንዳለ አያሳየንም። ሦስተኛው ሐኪሜ መነጽሩን አውልቆ «እስካሁን አላውቅም፤ ናሙና ወስደን እንየው» አለኝ። በሦስት ወር ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ያሳረፈኝ ይህ ነው።

ሌላም ጉድለት አለ። ኢቫን ኢሊች ሐኪሙን ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አናይም። ይህን የሞላው ከዚሁ መጽሐፍ መነሻ ያገኘው የጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ፊልም «መኖር» (1952) ይመስለኛል። ፊልሙ በጨጓራ ኤክስሬይ ይከፈታል። ባለታሪኩ አዛውንት ወረፋ ሲጠብቅ አንድ ወሬኛ በሽተኛ ይጠጋውና፣ ሐኪሞቹ ቀላል ቁስል ነው፣ የፈለግኸውን ብላ ካሉህ ካንሰር ነው ማለት ነው ይለዋል። ሽማግሌው ሲገባ ሐኪሙ ያንኑ ይደግምለታል። ውሸቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሽተኛውን አስቀምጦ አስታማሚውን ለብቻ መጥራት የቆየ ልማዳችን ነው። እኅቴ ከሐኪሙ ክፍል ስትወጣ ፊቷን አነበብሁ። «ምንም አላለኝም ጋሼ» አለች፤ ማልቀሷ ግን ያስታውቅ ነበር። ለዚህ ነው ከዚያ ወዲህ ብቻዬን የምገባው።

አግዳሚው ላይ ግን ብቻዬን አይደለሁም። ባለፈው አጠገቤ የተቀመጡ እናት መጽሐፉን አይተው «ልጄ፣ ስለ ምን ይላል?» አሉኝ። ርዕሱን ለመንገር አፌ አልታዘዝ አለኝ። «ቀጠሮ ስለሚጠብቅ ሰው ነው» አልኋቸው። «እንግዲያ የእኛ ነዋ!» አሉ።

ቶልስቶይ የዳኛውን ወንበር እንደ እሱ ያየ የለም። አግዳሚውን ግን አላየውም። የናሙናው ውጤት ማክሰኞ ነው።