መቆም የሚያስተምረው መጽሐፍ

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን በአንድ ነገር አሰለች ነበር። «መግቢያውን ሳታነቡ ወደ ምዕራፍ አንድ አትዝለሉ!» እላቸዋለሁ። ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ ያንኑ ጥፋት ራሴ ሠራሁትና ለሦስት ቀን ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወገቤን ያመኛል። የመረመረኝ ሐኪም «ጋሼ፣ እርስዎን ያመመዎት መቀመጥ ነው» አለኝ። ተቀምጦ ሲያነብ፣ ተቀምጦ ፈተና ሲያርም፣ ተቀምጦ ሲጽፍ የኖረ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ጂም ገብቼ ከወጣቶች ጋር መታየቱን ደግሞ አልፈለግሁትም። ይኼን የምታውቅ ልጄ «አባዬ፣ ዮጋ ጀምር፤ ሳሎን ውስጥ ማን ያይሃል?» ብላ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዛልኝ መጣች። የሕንዳዊው የቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር «ላይት ኦን ዮጋ» ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመ ነው። መቅድሙን የጻፈለት ዝነኛው የቫዮሊን ተጫዋች ይሁዲ ሜኑሂን ነው። 200 ያህል የሰውነት አቋሞች (አሳና ይሏቸዋል) ተዘርዝረውበታል። 600 ያህል ፎቶግራፎችም አሉት። በፎቶዎቹ ላይ የሚታየው ራሱ ደራሲው ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? መጽሐፉን እንደ ሠርግ አልበም አገላበጥኩት። ሰውየው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ፊቱን እግሩ ላይ ደፍቷል፤ ያለ አንዳች ጭንቀት። «ይኼማ ምን አላት!» ብዬ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። አጎነበስኩ፤ አልደርስ አለኝ። ገፋሁት። ወገቤ ቀጭ አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጽሐፉን በዚህ አልከስም።

ምን አለፋችሁ፣ በጀርባዬ ተኝቼ መግቢያውን አነበብኩት። ረጅም ነው። ለካስ ዮጋ ስምንት ክፍሎች ኖረውታል። የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ክፍል ነው፤ የዚያም መነሻ ሌላውን አለመጉዳት ነው። እኔ ዘልዬ የገባሁበት የሰውነት አቋም ሦስተኛው ክፍል ነው። የዘርፉ ጥንታዊ መሠረት የሆነው የፓታንጃሊ ድርሰት 196 ያህል አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ሲኖሩት ስለ አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ፍሬ ነገራቸውም መጽናትና መመቸት ነው። እኔ ደግሞ አልጸናሁም፣ አልተመቸኝም፤ ገፋሁ እንጂ።

ቀጥዬ ሰውየው ማን እንደሆነ አየሁ። አየንጋር እ.ኤ.አ. በ1918 በደቡብ ሕንድ የተወለደ፣ በልጅነቱ ወባው፣ ታይፎይዱና የሳንባ ነቀርሳው የተፈራረቁበት በሽተኛ ልጅ ነበር። ዮጋን ከእህቱ ባል ከክሪሽናማቻርያ የጀመረው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ነው። መጽሐፉ ሲታተም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲለፋበት ቆይቷል። እንግዲህ ያ ፎቶግራፍ የሠላሳ ዓመት መድረሻ ነው። እኔ እንደ መነሻ ቆጠርኩት። መነሻው ከፎቶው ጋር በተራ ቁጥር በተደረደረው ደረቅ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ስለዚያ ጽሑፍ አንድ ነገር ልበል። ጌጥ የለውም። እግር የት እንደሚያርፍ፣ ጉልበት እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ትንፋሽ መቼ እንደሚወጣ፣ በቃ። የመጀመሪያው አሳና ታዳሳና ይባላል፤ መቆም ነው። ዝም ብሎ መቆም! ደራሲው ግን ክብደታችን ተረከዝ ላይ ይሁን ጣት ላይ፣ በአንድ እግር እናጋድል እንደሆነ፣ የጫማችንን አበላል አይተን እንድንፈርድ ይመክራል። ጫማዬን ገልብጬ አየሁት። የቀኙ ተረከዝ በአንድ ጎን ተበልቷል። ሃምሳ ምናምን ዓመት ተጣምሜ ቆሜያለሁ ማለት ነው። አማርኛችን ዋዛ ያልሆነውን ሁሉ «ቁም ነገር» ማለቱ ያን ዕለት ገባኝ።

ይኼን ሁሉ ብዬም መጽሐፉን ያለ ነቀፌታ አላልፈውም። በመጨረሻ የተቀመጠው የ300 ሳምንት መርሐ ግብር ወደ ስድስት ዓመት ይጠጋል፤ ትዕግሥቱን አደንቃለሁ። ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጀማሪውን በትከሻው ያስቆመዋል። ደም ግፊት ላለበት ማስጠንቀቂያ ቢኖርም መጽሐፍ ዓይን የለውም። የማንን አንገት እንደያዘ አያይም። መምህር ቢሆን «ጋሼ፣ ይቅርብዎ» ይላል።

ደስ የሚለው፣ ደራሲው ራሱ ይኼን ማረሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በ95 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ አየንጋር የታወቀበት አንዱ ነገር ዕቃ መጠቀሙ ነው፦ ብርድ ልብስ፣ ቀበቶ፣ የእንጨት ብሎክ፣ ወንበር። መሬት አልደርስ ላለ እጅ መሬቱን ከፍ አደረገለት። በ1966ቱ ፎቶዎች ውስጥ ይኼ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ቤቱ ብቻውን የሚጀምር ሰው ወጣቱን አየንጋር በአዛውንቱ አየንጋር እያረመ ቢያነበው ይበጀዋል።

እኔም እንዲያው አደረግሁ። ብርድ ልብሴ የታጠፈ ጋቢ ነው። ቀበቶዬ የባለቤቴ ነጠላ ነው፤ እግር ላይ ይጠመጠምና ጫፍና ጫፉ ይያዛል። ብሎኬ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እጄን ነው የማሳርፍበት፣ እግሬን አይደለም። በትከሻ መቆሙን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

አንድ ጎረቤቴ «ይኼ ነገር ከሃይማኖት አይጋጭም?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄውን አልናቅኩትም። አየንጋር የዮጋ ሥሩ የሕንድ እምነትና ፍልስፍና መሆኑን አይደብቅም፤ ደብቆ ቢሆን ኖሮ ነበር የምጠረጥረው። እኔ የወሰድኩት ቀጥ ብሎ መቆምንና ትንፋሽን ልብ ማለትን ነው። ሌላው ሰው የራሱን ይመዝን።

ይኸው ስድስት ወሬ። ፊቴ እግሬ ላይ አልደረሰም፤ የሚደርስም አይመስለኝም። የጫማዬን ክር ግን ቆሜ ጎንበስ ብዬ አስራለሁ። ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ሻቫሳና ነው፤ በጀርባ ተንጋልሎ ምንም አለማድረግ። ስሙ የሬሳ አቋም ማለት ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ምን ማሟረት ነው እሱ ደሞ!» አለች። ከዚያ በላዬ ላይ ጋቢዬን ደረበችልኝና የሬዲዮኑን ድምፅ ቀነሰችው።