ነገን የሚያስፈሩ መጻሕፍትና የወላይታ ጓሮ

ስለ መጪው ዘመን ክፋት የሚናገር ጽሑፍ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ፍካሬ ኢየሱስ በየቤቱ ሲነበብና ሲተረክ ኖሯል። «ስምንተኛው ሺ» የሚለውም አነጋገር ልጅ አባቱን ሲዳፈር፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ ገበያ ሲወደድ ከሰው አፍ አይጠፋም። በዓመተ ዓለም ስሌት ሰባተኛው ሺ ያለቀው በ1500 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በስምንተኛው ሺ ውስጥ መኖር ከጀመርን ከ500 ዓመት በላይ ሆኖናል። እንግዲህ የሚያስፈራን ነገ ምን ጊዜም ከደጃችን እንደ ቆመ ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ የምንመረምረው ግን ከትንቢት የተለየ ድርሰት ነው፤ ይኸውም በሳይንስ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ፣ ሩቅ ያልሆነውን ክፉ ዘመን በልብ አንጠልጣይ ታሪክ የሚተርከው ልብ ወለድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምክንያት ልዩነት ነው። ትንቢት የመከራውን ምንጭ በኃጢአት ያሳያል፤ መድኃኒቱም ንስሐ ነው። ይህኛው ድርሰት ግን መከራው የሚመጣበትን ጎዳና ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው እየቆጠረ ያሳያል፤ አንባቢውም «እዚህ ላይ ቢገታ ኖሮ» እያለ ይከተለዋል። የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ውበት ከማስፈራታቸው ይልቅ ፍርሃቱ ሊመረመር የሚችል በመሆኑ ላይ ያለ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «ኮንቴጅን» የተባለው ፊልም የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣበት በ2020 እንደ ገና ተፈልጎ የታየው ስለዚህ ነው። ሰዎች የሚሆነውን ለማወቅ ፈልገው ነበር።

ለዚህ ሐሳብ ምሳሌ እንዲሆነን የእንግሊዙ ደራሲ ሳም ዩድ፣ ጆን ክሪስቶፈር በሚል የብዕር ስሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመውን «የሣር ሞት» የተባለ መጽሐፍ እንውሰድ። ታሪኩ ሲጀመር አንድ ቫይረስ በቻይና የሩዝ ሰብል ላይ ይነሣል። ሊቃውንቱ መድኃኒት ያገኙለት ሲመስል፣ ያመለጠው የበሽታው ዓይነት ከሩዝ አልፎ ሣር የተባለውን ሁሉ ይፈጃል። ጆን ከስታንስ የተባለው መሐንዲስ ቤተሰቡን ይዞ፣ ወንድሙ አስቀድሞ ድንች ወደ ተከለበት በሰሜን እንግሊዝ ወደሚገኝ ሸለቆ ይሸሻል። በመንገድ ላይ ጨዋው ሰው ነፍሰ ገዳይ ይሆናል፤ ሸለቆውንም ሲይዘው ወንድሙ በውጊያው ይሞታል።

ይህን መጽሐፍ ለንደን ላይ የሚያነበውና ወላይታ ሶዶ ላይ የሚያነበው አንድ ዓይነት መጽሐፍ አያነቡም። ሳይንሱ እንደሚያስተምረን ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ሁሉም ከሣር ወገን ናቸው። እንሰት ግን የሙዝ ዘመድ እንጂ ሣር አይደለም፤ ጎደሬም፣ ቦዬም፣ ስኳር ድንችም ከዚያ ወገን አይደሉም። ስለዚህ የክሪስቶፈር ቫይረስ ወደ አገራችን ቢመጣ የደጋው እርሻ ሁሉ ባዶ ሲሆን፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለው ጓሮ እንደ ለመለመ ይቀራል። የወላይታ አንባቢ ራሱን የሚያገኘው ከሚሸሹት መካከል ሳይሆን በሸለቆው በር ላይ፣ የሚመጡትን ከሚያዩት ጋር ነው። ጥያቄውም ይለወጣል፤ «ወዴት ልሽሽ» የነበረው «ለማን ልክፈት» ይሆናል።

ነገር ግን ይህ ዓይነት ድርሰት ጥንቃቄ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። እንሰት በፍግ የሚያድግ ተክል ነው። ፍጉ የሚገኘው ከከብት፣ የከብቱም መኖ በአብዛኛው ከሣርና ከሰብል ገለባ ነው። ሣር ከጠፋ ከብቱ የእንሰት ቅጠል ብቻ ይቀርለታል፤ ከብቱ ካለቀ ደግሞ ፍጉ ያልቃል። እንሰትም ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ስለሚፈልግ፣ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓመት በእፎይታ፣ ሦስተኛው በጥርጣሬ፣ አምስተኛው በቆጮ እጦት ያልፍ ነበር። ጎበዝ ደራሲ ማለት ይህን ሰንሰለት ሳይበጥስ እስከ መጨረሻው የሚከተል ነው።

ከዚህም በላይ እንሰት የራሱ ጠላት አለው። አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ በእንሰት ላይ መገኘቱን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1968 አስታውቀዋል። በሽታው የያዘው ተክል ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥ ቢጫ መሰል ፈሳሽ ያወጣል። ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የመቁረጫው ቢላዋ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የልብ አንጠልጣይ ታሪክ ጅማሬ ከወዴት ይገኛል? ጥፋቱ የሚገባው በባዕድ ጦር ወይም በክፉ ሊቅ እጅ ሳይሆን፣ ለእራት ቆጮ ልታዘጋጅ ከጎረቤቷ ቢላዋ በተዋሰች እናት እጅ ነው። ደግነት ራሱ የበሽታው መንገድ ሲሆን፣ ያን ጊዜ አንባቢ የሚፈርድበት ሰው ያጣል።

የክሪስቶፈርን መጽሐፍ የምንነቅፍበት ነገር ደግሞ አለ። በእርሱ ዘንድ ሥልጣኔ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ልብስ ይወልቃል፤ ሰው ሲራብ አውሬ መሆኑ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሯል። የቫይረሱ ሳይንስ በትጋት ሲሠራ የሰው ሳይንስ ግን በግምት ቀርቷል። በወላይታ ላም ያለው ለሌለው እየሰጠ ወተቱንና ጥጃውን መካፈል፣ በደቦ መሥራት፣ በእድር መረዳዳት የኖረ ልማድ ነው። እነዚህ ልማዶች በረኃብ ጊዜ ይላላሉ፣ ይቀጥናሉ፤ አንዳንዶቹም ይበጠሳሉ። ነገር ግን መቼና በምን ምክንያት እንደሚበጠሱ ማሳየት የደራሲው ግዴታ ነው። ይህን የዘለለ መጽሐፍ ግማሽ እውነት ብቻ ይዟል።

ሁለተኛው ነቀፌታ ስለ መልኩ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ረኃብ ሲመጣ ምድሪቱ ትደርቃለች፣ ትገረጣለች። ወላይታ ግን በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ በመጥፋቱና ስኳር ድንቹ በመበላሸቱ ሕፃናት በተጎዱበት ጊዜ፣ በኋላ በዘነበው ዝናብ መስኩ አረንጓዴ ነበር፤ «አረንጓዴ ረኃብ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ልምላሜ ያያል፤ በቤት ውስጥ ግን እህል የለም። ከዚህ የበለጠ አስፈሪ ሥዕል የትኛው የምናብ ደራሲ ፈጥሯል?

የአሜሪካዊው ፓኦሎ ባቺጋሉፒ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው «ዘ ዊንድአፕ ገርል» የተባለው ልብ ወለድም ለዚህ ጉዳይ ይጠቅመናል። በዚያ ታሪክ የዓለምን እህል በሽታ ፈጅቶታል፤ ዳግም የማይበቅል ዘር የሚሸጡ ኩባንያዎችም አገሮችን ይገዛሉ፤ የታይላንድ መንግሥት ግን የዘር ጎተራውን ደብቆ ይጠብቃል። ደራሲው በጭካኔ ትዕይንት ላይ ከሚገባው በላይ ይቆያል፤ ይህም ሐሳቡን ይጋርደዋል። የጎተራው ነገር ግን ለእኛ ተረት አይደለም። አገራችን የዕፅዋት ዘር የምታስቀምጥበት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሟል። በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ ብዙ ገበሬ የዘራው «ዲገሉ» የተባለው ስንዴ በግንድ ዋግ ሲመታ፣ በአንድ ዘር ላይ ብቻ መታመን የሚያስከትለውን አይተናል።

ታዲያ በአማርኛ ይህን ዓይነት መጽሐፍ ስለ ምን አጣን? አንባቢ ጠፍቶ እንዳልሆነ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ይመሰክራል። ሳይንቲስቶችንና ስለላን አጣምሮ የሚተርከው ይህ መጽሐፍ ደጋግሞ ታትሟል። ሆኖም የዚያ ደስታ በተሰወረ ጥበብና በታላላቅ ሰዎች ጀብዱ ላይ የተመሠረተ ነው። የጎደለን ጀብዱ ሳይሆን፣ ትንሽ ምክንያት ትልቅ ውጤት እስኪወልድ ድረስ ታግሦ የሚከተል ብዕር ነው።

ይህን ብዕር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአረካ የእርሻ ምርምር ማዕከል ስለ እንሰት የሚመራመሩ፣ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍና የተፈጥሮ ሳይንስ በአንድ ግቢ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ተማሪውን ወደ እርሻ ክፍሉ ቢልከው፣ የእርሻውም ተማሪ የምርምር ዘገባውን ለእናቱ ሊነገር በሚችል ታሪክ ቢጽፈው፣ ሁለቱም ያተርፋሉ። መጨረሻውንም ከዚያው ያገኙታል። «ማዚያ» የሚባለው የወላይታ የእንሰት ዓይነት አጠውልግን ከሌሎቹ በተሻለ እንደሚቋቋም በምርምር ታይቷል፤ ፈጽሞ የማይያዝ ግን አይደለም። ለዚህ ዓይነት ልብ ወለድ የሚገባው ፍጻሜ እንደዚሁ ያለ ነው፤ ሁሉም አለቀ የማይል፣ ሁሉም ዳነም የማይል፣ ነገር ግን አንባቢው መጽሐፉን አጥፎ ሲነሣ ቢላዋውን በእሳት አሙቆ እንዲያጸዳ የሚያደርግ።