ተማሪው ከወደቀ በኋላ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የብዙ ቤተሰብ ቅስም የሰበረ ነበር። 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም፣ ከመቶው ልጅ ዘጠና ሁለት ያህሉ አሁንም ደጅ ነው የቀረው። ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱ የቆየ ገመናችንን ገለጠው እንጂ ችግሩን አልፈጠረውም።

ዩኒቨርሲቲዎች ማለፊያውን ለጥቂት ካጡት መካከል የተሻሉትን ተቀብለው፣ በተለምዶ ሪሜዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት መስጠት ጀምረዋል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን ውድ አንባቢያን፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ያልገባውን ልጅ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ በኋላ በጥቂት ወራት ማቃናት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ደግሞስ ሪሜዲያል የሚያስተምረው መምህር ልጆቹ የት ላይ እንደተሰናከሉ ከማንም በላይ ያውቃል። ያየውን ለወረዳው የፊዚክስ መምህር የሚነግረው ማን ነው?

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ትምህርት ቤቶችን አይረዱም አልልም። ያገለገለ ኮምፒዩተርና ወንበር ይሰጣሉ፤ ፎቶም ይነሳሉ። መብራት በሌለበት ቀበሌ ኮምፒዩተሩ ምን እንደሚሠራ እንጃ! የአካባቢውን መምህራን በየክረምቱ ጠርቶ በራሱ ቤተ ሙከራ የሚያሠራ ዩኒቨርሲቲ ግን ከዚያ የበለጠ ሰጠ።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹ ያገለገሉት በአስተማሪነት ነው። በግዴታ በመሆኑ ቅሬታ አላጣውም፤ አብዮቱ ሲመጣም ቀረ። ይሁንና በየአውራጃው የአስተማሪ እጥረትን ያቃለለ ሥራ ነበር። በወሎ ሐሪማዎችስ ቢሆን የበረታው ደረሳ ጀማሪውን ሲያቀራ አይደለም ወይ የኖረው?

ዛሬ አንድ ዓመት መጠየቅ ይከብድ ይሆናል። ለክረምት ወደ ቤተሰቡ የተመለሰ የምህንድስና ተማሪ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ልጆች ሒሳብ ቢያስረዳ፣ ዩኒቨርሲቲውም ድካሙን እንደ አንድ ኮርስ ቢቆጥርለት፣ የሚያስፈልገው አንድ ባዶ ክፍልና ጥቂት ጠመኔ ነው።