ስለ «ፒዩትሪፋክሽን» ምንጭና ስለ «መበስበስ» አጠቃቀም

ከእንግሊዝኛ በሚተረጐሙ ጽሑፎች «ፒዩትሪፋክሽን»፣ «ሮት» እና «ዲኬይ» የተባሉት ቃላት ሳይለዩ «መበስበስ» ተብለው ሲተኩ እናያለን። በዚህ አጭር ሂስ አቻው የት እንደሚሰምርና የት እንደሚያሳስት እንመረምራለን።

«ፒዩትሪፋክሽን» ምንጩ ላቲን ነው። «ፑትሪስ» የበሰበሰ፣ «ፋኬሬ» ማድረግ ማለት ስለሆነ፣ ጥምሩ ማበስበስን ያመለክታል። ጥንታዊው ሥር መግል ማለት በሆነው በላቲኑ «ፑስ» ውስጥም ይገኛል። በጀርመናዊ ቋንቋዎች «ፕ» ወደ «ፍ» ስለ ተለወጠ፣ ቀድሞ ግምና ቆሻሻ ማለት የነበረው የእንግሊዝኛው «ፋውል» ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ወደ አማርኛ የገባውም ይኸው ቃል ነው። «ሮት» የጀርመናዊው ወገን ነባር ቃል ነው። «ዲኬይ» ግን በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል «ካዴሬ» ማለትም መውደቅ ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ በመሆኑ፣ በሥሩ ሽታም ርጥበትም የለበትም።

የአማርኛው «በሰበሰ» በአንጻሩ ውሃ ያዘለ ግሥ ነው፤ ዝናብ የመታውን ሰው «በሰበሰ» እንላለን። ስለዚህ ባክቴሪያ በተለይ ኦክስጅን በሌለበት የሥጋን ፕሮቲን ሲያፈርስና ሲያከረፋ፣ «መበስበስ» ለ«ፒዩትሪፋክሽን» ተገቢ አቻ ነው። የደረቀ ሬሳ ሳይበሰብስ የሚቆየውም ርጥበት ስለሚያጣ ነው።

ችግሩ የሚጐላው «ዲኬይ» የፊዚክስ ቃል ሲሆን ነው። የአንድን ጥንታዊ አጥንት ዕድሜ በካርቦን 14 ስለ መለካት የሚያትት ጽሑፍ እንውሰድ። ሥጋው በጥቂት ጊዜ ውስጥ በስብሷል፤ ካርቦን 14 ግን በ5,730 ዓመት ገደማ ግማሹ ወደ ናይትሮጅን ይለወጣል። ይህን ለውጥ ሙቀትም ርጥበትም አያፈጥነውም። ተርጓሚው ሁለቱንም «መበስበስ» ካላቸው፣ ተማሪው የዕድሜ መለኪያው በአየር ጠባይ የሚዛባ ሊመስለው ይችላል። የስልቱ መሠረት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሥርወ ቃሉን ተከትሎ «ውድቀት» ማለትም አያዋጣም። የቃል ምንጭ ታሪኩን ያስረዳል እንጂ አቻውን አይወስንም። «መፍረስ» ደግሞ ከአቶም እምብርት መሰንጠቅ ጋር ያምታታል። በእኛ አስተያየት መጠኑ በጊዜ ብዛት ማነሱን የሚገልጸው «ጨረራዊ መመንመን» ይሻላል። ለጥርስ «መቦርቦር»፣ ለእህል «መንቀዝ»፣ ለዳቦና ለእንጀራ «መሻገት» የሚሉ ነባር ቃላት እያሉም ሁሉን በ«መበስበስ» መጠቅለል የቋንቋውን ሀብት ማባከን ነው።

ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ መፍታቱ ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው። የሙያ ቃላት አዘጋጆችም ለአንድ ቃል አንድ አቻ ከመደርደር ይልቅ፣ በመጀመሪያ የሚበሰብሰው፣ የሚሻግተው ወይም የሚመነምነው ነገር ምን እንደሆነ ሊጠይቁ ይገባል እንላለን።